የሚንቀሳቀሱ የማሽን አካላትን በኮምፒዩተር መንደፍና አሠራራቸውን ከምርት በፊት መፈተሽ

በኮምፒዩተር የታገዘ ንድፍ፣ በአጭር አጠራሩ ካድ፣ የአንድን ዕቃ ቅርጽና ልኬት በኮምፒዩተር ፕሮግራም አማካይነት የማዘጋጀት ሙያ ነው። ዕቃው የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ያሉት ማሽን በሚሆንበት ጊዜ ሙያው ቅርጽ በመሳል ብቻ አይወሰንም። ክፍሎቹ እንዴት እንደሚጋጠሙ፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ወዴት እንደሚሄድ፣ በእንቅስቃሴው ወቅትም ምን ያህል ጉልበት እንደሚያርፍባቸው ብረት ከመቆረጡ በፊት በስክሪን ላይ መፈተሽን ይጨምራል። ይህ ፍተሻ ሲሙሌሽን ወይም ምስለ ሙከራ ይባላል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በብረታ ብረት ሥራ ለተሰማሩ ኢንተርፕራይዞች፣ ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች፣ ለፈጠራ ሥራ ባለቤቶች እንዲሁም ማሽን በትእዛዝ ለሚያሠሩ ዜጎች ነው። ዓላማውም የሙያውን መሠረታዊ አሠራር፣ የሚሰጠውን ጥቅምና ያለበትን ገደብ ማስገንዘብ ነው። ለማብራሪያ ያህል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ተወስዷል፤ ይኸውም በሞተር የሚወዛወዝ የእህል ማበጠሪያ ወንፊት ነው።

የሙያው አመጣጥ

በኮምፒዩተር የመንደፍ ሥራ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለው ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም ተጠቃሚው መስመሮችን ከመሳሉ በተጨማሪ እኩል ወይም ትይዩ ሆነው እንዲቆዩ ገደብ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። አንዱ መስመር ሲለወጥ ሌሎቹ በተሰጣቸው ገደብ መሠረት ቦታቸውን ያስተካክላሉ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የንድፍ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው፤ ልዩነቱ ገደቡ በመስመሮች ላይ ብቻ ሳይሆን ውፍረትና ክብደት ባላቸው የማሽን ክፍሎች ላይ መጣሉ ነው።

ከነጠላ ክፍል ወደ ጥምር አካል

ሥራው በሦስት ደረጃዎች ይከናወናል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው በትክክለኛ ልኬቱ ይነደፋል፤ የሚሠራበት ማቴሪያልም ይመደብለታል። ቀጥሎ ክፍሎቹ አሴምብሊ በሚባለው ጥምር አካል ውስጥ ይሰበሰባሉ። በመጨረሻም በመካከላቸው ያሉት መጋጠሚያዎች ይገለጻሉ።

መጋጠሚያ ማለት ሁለት ክፍሎች አንዱ ለሌላው የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን እንቅስቃሴ የሚወስን ግንኙነት ነው። በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ ዘንግ መዞር ይችላል፤ ወደ ጎን መንሸራተት ግን አይችልም። በሐዲድ ላይ የተቀመጠ ጠረጴዛ ይንሸራተታል፤ አይዞርም። በቡሎን ወይም በብየዳ የታሰረ ክፍል ደግሞ ምንም እንቅስቃሴ የለውም። ነዳፊው እነዚህን ግንኙነቶች በትክክል ካልገለጸ በስክሪኑ ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ ከእውነተኛው ማሽን ጋር አይመሳሰልም።

ምሳሌ፦ የእህል ማበጠሪያ ወንፊት

በምሳሌው ማሽን ሞተሩ በችንጋ አማካይነት አንድ ፑሌጃ ያዞራል። በፑሌጃው ዘንግ ጫፍ ላይ ከመሃል 20 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ የተተከለ ፒን አለ፤ ይህ ክፍል ክራንክ ይባላል። 250 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቢየላ ይህን ፒን 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለው የፊት ማንጠልጠያ የታችኛው ጫፍ ጋር ያገናኛል። ወንፊቱ ከዚሁ ጫፍና በስተኋላ ካለው እኩል ርዝመት ያለው ማንጠልጠያ ላይ ተንጠልጥሏል። ከክራንኩ መሃል እስከ ፊት ማንጠልጠያው የላይኛው ፒን ያለው ርቀት 320 ሚሊ ሜትር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ክራንኩ ሙሉ ዙር መዞር ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ በጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ግራስሆፍ ስም የሚታወቅ ደንብ አለ። በአራት ርዝመቶች በተገናኘ ሥርዓት ውስጥ አጭሩ ክፍል ሙሉ ዙር እንዲዞር፣ የአጭሩና የረጅሙ ድምር ከቀሪዎቹ ሁለት ድምር መብለጥ የለበትም። በምሳሌው 20 እና 320 ሲደመሩ 340 ይሆናሉ፤ 250 እና 200 ደግሞ 450 ይሆናሉ። ስለዚህ ክራንኩ ያለ እንከን ይዞራል።

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ቢየላው ወደ 160፣ ማንጠልጠያው ደግሞ ወደ 150 ሚሊ ሜትር እንዲያጥር ቢደረግ የሁለቱ ድምር 310 ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከ340 ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን በቆመ ሥዕል ላይ ሲታይ ጉድለት የለበትም። ክፍሎቹ ይገጥማሉ፤ ፒኖቹም በየቀዳዳቸው ይገባሉ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ክራንኩ ዙሩን ሳይጨርስ ይቆማል፤ በዚህም ችንጋው ይንሸራተታል ወይም ቢየላው ይጣመማል። ክራንኩን በስክሪን ላይ አንድ ዙር ማዞር ይህን ስህተት ላሜራና ዘንግ ሳይባክን ያጋልጣል።

ልኬቶቹ ትክክል በሆኑበት ሁኔታ ፕሮግራሙ ማንጠልጠያው ወደ 11.5 ዲግሪ እንደሚወዛወዝ፣ ወንፊቱም 40 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊትና ወደኋላ እንደሚመላለስ ያሳያል። በቢየላውና በማንጠልጠያው መካከል ያለው አንግልም በዙሩ ሁሉ ከ83 እስከ 98 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆያል። ይህ አንግል ወደ 90 ዲግሪ በቀረበ መጠን የሞተሩ ጉልበት በአግባቡ ወደ ወንፊቱ ይተላለፋል። ከ40 ዲግሪ በታች ከወረደ ግን አብዛኛው ጉልበት ፒኖቹን በመጫን ይባክናል።

የእንቅስቃሴ ነጻነትን መቁጠር

አንድ ጥምር አካል በአንድ ሞተር በትክክል እንዲመራ የእንቅስቃሴ ነጻነቱ 1 መሆን አለበት። በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ለሚንቀሳቀስና በፒን ለተያያዘ ማሽን ስሌቱ ቀላል ነው። ከአካላቱ ቁጥር 1 ተቀንሶ ቀሪው በ3 ይባዛል፤ ከውጤቱ ላይ የመጋጠሚያዎቹ ቁጥር በ2 ተባዝቶ ይቀነሳል።

በምሳሌው ስድስት አካላት አሉ፤ እነሱም የማሽኑ ሻሲ፣ ክራንኩ፣ ቢየላው፣ የፊት ማንጠልጠያው፣ ወንፊቱና የኋላ ማንጠልጠያው ናቸው። ሦስት አካላት በአንድ ፒን የሚገናኙበት ቦታ እንደ ሁለት መጋጠሚያ ስለሚቆጠር መጋጠሚያዎቹ ሰባት ይሆናሉ። 5 በ3 ሲባዛ 15፣ 7 በ2 ሲባዛ 14፤ ልዩነቱ 1 ነው። ማሽኑ በአንድ ሞተር ይመራል።

ወንፊቱ እንዳይረግብ በማሰብ መሃል ላይ ሦስተኛ ማንጠልጠያ ቢጨመር አካላቱ ሰባት፣ መጋጠሚያዎቹ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ የስሌቱም ውጤት ዜሮ ይሆናል። በስክሪን ላይ ግን ማሽኑ መንቀሳቀሱን ሊቀጥል ይችላል፤ ምክንያቱም በፕሮግራሙ ውስጥ ሦስቱ ማንጠልጠያዎች ፍጹም እኩልና ፍጹም ትይዩ ናቸው። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ ትርፍ ገደብ መኖሩን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ ችላ ብሎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። በዎርክሾፕ ውስጥ የአንዱ ማንጠልጠያ ቀዳዳ በ2 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ማሽኑ በየዙሩ ይያዛል፤ ኩሽኔታዎቹም ያለጊዜያቸው ያልቃሉ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለነዳፊው ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል፤ ትርፉን ማንጠልጠያ መተው ወይም ሁሉንም ማንጠልጠያዎች በአንድ ማስያዣ አንድ ላይ አስሮ መብሳት።

ሦስቱ የፍተሻ ዓይነቶች

የመጀመሪያው የግጭት ፍተሻ ነው። ማሽኑ ሙሉ ዙሩን ሲዞር አንዱ ክፍል ሌላውን የሚነካበት ቦታ መኖር አለመኖሩ ይታያል። የቡሎን ራስ ከሻሲው ጋር የሚጋጨው በዙሩ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ማሽኑን በአንድ አቋም ላይ መመልከት በቂ አይደለም።

ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ፍተሻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የሚሄድበት መንገድ፣ ፍጥነቱና የፍጥነቱ ለውጥ ይሰላል። በዚህ ደረጃ የክፍሎቹ ክብደት ግምት ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው የጉልበት ፍተሻ ነው። ክብደት፣ ሰበቃ፣ የስፕሪንግ ግፊትና የሚጫነው እህል ተጨምረው በየፒኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበትና ከሞተሩ የሚፈለገው ኃይል ይታወቃል። ውጤቱ ክፍሎቹ ጫናውን ይችሉ እንደሆነ ለሚደረገው የጥንካሬ ስሌት መነሻ ይሆናል።

የፍጥነት መጨመር የሚያስከትለው ጫና

የጉልበት ፍተሻ ለምን እንደሚያስፈልግ በምሳሌው ማሳየት ይቻላል። በ50 ኸርትዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራና በደቂቃ 1,440 ዙር የሚዞር ሞተር 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፑሌጃ 360 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፑሌጃ ሲያዞር የክራንኩ ፍጥነት በደቂቃ 300 ዙር ይሆናል። ወንፊቱ ከነእህሉ 15 ኪሎ ግራም ቢመዝን በየምልልሱ ጫፍ አቅጣጫውን ለመለወጥ ወደ 300 ኒውተን የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህም 30 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት እንደማንሳት ነው።

360 ሚሊ ሜትር የሆነው ፑሌጃ በገበያ ባለመገኘቱ በምትኩ 270 ሚሊ ሜትር ቢገጠም የክራንኩ ፍጥነት ወደ 400 ዙር ይወጣል። ፍጥነቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከ520 ኒውተን በላይ ይሆናል፤ ማለትም ወደ 1.8 እጥፍ ያድጋል። ምክንያቱም አቅጣጫ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር በእኩል ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ ነው።

ጫናው የሚደጋገምበት ብዛትም ሊታሰብ ይገባል። በደቂቃ 300 ጊዜ የሚመላለስ ወንፊት በሰዓት 18,000፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 144,000 ጊዜ ይመላለሳል። በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን ያልፋል። አንድ ጊዜ ሲጫን የማይሰበር ብረት በዚህ ያህል ድግግሞሽ በተለይ በብየዳ አካባቢ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ የብረት ድካም ይባላል። ማሽኑ በርክክብ ዕለት በደንብ ሠርቶ ከሳምንታት በኋላ የሚሰበርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው ማሽኑን በገዛው አርሶ አደር ወይም ማኅበር፣ አልፎም በአጠገቡ በቆመው ሠራተኛ ላይ ነው።

ሲሙሌሽን ሲካሄድ የሚፈጸሙ የተለመዱ ስህተቶች

- ማቴሪያል አለመመደብ፦ የብረት እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 7,850 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ማቴሪያል ካልተመደበ አንዳንድ ፕሮግራሞች 1,000 ኪሎ ግራም የሆነውን የውኃ እፍጋት ይወስዳሉ። በዚህ ጊዜ የክፍሉ ክብደት ወደ አንድ ስምንተኛ ዝቅ ብሎ ይሰላል፤ የጉልበቱም ውጤት አሳሳች ይሆናል።
- የልኬት መለኪያ መደባለቅ፦ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከሌላ ሰው የተገኘ ፋይል በየትኛው መለኪያ እንደተሠራ ሳይረጋገጥ መጠቀም አይገባም።
- ሰበቃን መተው፦ ሰበቃ በስሌቱ ካልተካተተ ለማሽኑ የሚመረጠው ሞተር አቅም ያንሰዋል።
- የሚጫነውን ጭነት አለማስገባት፦ ባዶ ወንፊትና እህል የያዘ ወንፊት አንድ ዓይነት ጫና አያሳርፉም።
- የአነዳድ ሁኔታን ማቅለል፦ በፕሮግራሙ ውስጥ ሞተሩ ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። እውነተኛ ሞተር ግን ሲነሳና ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ይለዋወጣል።

ሲሙሌሽን የማይተካቸው ተግባራት

ሲሙሌሽን የሚሰጠው መልስ ከተሰጠው መረጃ የተሻለ ሊሆን አይችልም። የብየዳን ጥራት፣ የላሜራን ዝገት፣ የገበያ ኩሽኔታን ደረጃ ወይም የቀዳዳን መዛነፍ በራሱ አያውቅም። ስለሆነም የስክሪን ፍተሻ ያለፈ ንድፍ ወደ ብዙ ምርት ከመግባቱ በፊት አንድ ናሙና ተሠርቶ በመጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ቀጥሎ በከፊል ጭነት፣ በመጨረሻም በሙሉ ጭነት መሞከር ይኖርበታል። በናሙናው ላይ የተለካው ፍጥነት፣ ምልልስና ንዝረት ከፕሮግራሙ ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ልዩነት ሲገኝ ሞዴሉ ይታረማል እንጂ ልኬቱ አይታለፍም።

የሠራተኛ ደኅንነትም በንድፍ ወቅት የሚወሰን ጉዳይ ነው። የሚንቀሳቀሰው ክፍል በሙሉ ዙሩ የሚሸፍነው ቦታ በስክሪን ላይ ስለሚታይ መከላከያ ሽፋን የሚደረግበት ቦታና ከእጅ ሊኖረው የሚገባው ርቀት አስቀድሞ ሊወሰን ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል። ችንጋና ክራንክ ያለ ሽፋን እንዲሠሩ መተው ከዚህ ግዴታ ጋር አይጣጣምም።

የፕሮግራም ምርጫ

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች መካከል ሶሊድወርክስ፣ አውቶዴስክ ኢንቬንተርና ፊውዥን በስፋት ይታወቃሉ። እነዚህ የንግድ ፕሮግራሞች በመሆናቸው ለገቢ ማስገኛ ሥራ ሲውሉ ተገቢው ፈቃድ ሊኖር ይገባል። ለተማሪዎችና ለመምህራን በልዩ ሁኔታ የሚሰጥ የትምህርት ፈቃድ ለንግድ ሥራ አያገለግልም።

ፍሪካድ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝና ለንግድ ሥራም ሊውል የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ከ1.0 እትም ጀምሮ ክፍሎችን በመጋጠሚያ የማገናኘትና እንቅስቃሴያቸውን የማየት ክፍል በውስጡ ተካቷል። ክራንኩን አዙሮ ግጭትና የምልልስ ርቀት ለማየት ለሚፈልግ አነስተኛ ዎርክሾፕ ጥሩ መነሻ ነው።

ፕሮግራም ሲመረጥ የኮምፒዩተሩ አቅም፣ የኢንተርኔት አቅርቦትና ሥራው የሚጠይቀው የፍተሻ ደረጃ አብረው ሊታዩ ይገባል። በተለያዩ ፕሮግራሞች የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞዴል ሲለዋወጡ ስቴፕ የተባለውን የጋራ የፋይል ዓይነት መጠቀም ይመከራል። ሆኖም ይህ ፋይል በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ቅርጽን ነው፤ መጋጠሚያዎቹ በተቀባዩ ፕሮግራም ውስጥ እንደገና ሊገለጹ ይገባል።

ሥልጠናና ድጋፍ

የንድፍና የማሽን ሥራ ሥልጠና በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ክፍሎች ይሰጣል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከመደበኛው ሥልጠና በተጨማሪ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በክህሎት፣ በኢንተርፕረነርሺፕ፣ በካይዘንና በቴክኖሎጂ ዘርፎች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ይሰጣሉ። አንድ ኢንተርፕራይዝ የራሱ ነዳፊ ባይኖረውም በአቅራቢያው ወደሚገኝ ተቋም በመቅረብ ስለ ድጋፉ መጠየቅ ይችላል።

የፈጠራ ባለመብትነት

ማሽኑ አዲስ የአሠራር ዘዴ የያዘ ከሆነ ባለቤቱ ንድፉን ወይም የእንቅስቃሴውን ቪዲዮ ለሕዝብ ከማሰራጨቱ በፊት በ1987 ዓ.ም. በወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 መሠረት ሊያገኝ የሚችለውን ጥበቃ ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንዲያጣራ ይመከራል። የፈጠራ ማመልከቻ የአሠራር መግለጫና አስፈላጊ ሲሆን ሥዕል ስለሚያካትት፣ በካድ የተዘጋጀ ሞዴል እነዚህን ሰነዶች ለማዘጋጀት ያግዛል።

ድጋፍ የሚፈልጉ ተገልጋዮች አዘጋጅተው ቢቀርቡ የሚጠቅሟቸው መረጃዎች

1. ማሽኑ የሚሠራው ሥራና በሰዓት የሚጠበቅበት የምርት መጠን፤
2. የሚያስተናግደው ምርት ዓይነትና ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ክብደት፤
3. የሚገኘው የኃይል ምንጭ ዓይነት፣ እንዲሁም የሞተሩ ኃይልና የዙር ፍጥነት በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ እንደተጻፈው፤
4. ቀድሞ የተሠራ ማሽን ካለ ልኬቶቹ፣ ፎቶግራፉና የሚሰበርበት ወይም የሚያልቅበት ቦታ፤
5. በአካባቢው ገበያ የሚገኙ የፑሌጃ፣ የኩሽኔታ፣ የዘንግና የላሜራ መጠኖች፤
6. ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ ስፋትና በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ሰዎች ቁጥር።

ከእነዚህ ውስጥ አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በንድፉ ላይ የተጻፈው ፑሌጃ በገበያ ካልተገኘና ሌላ ከተተካ ማሽኑ ከተፈተሸው የተለየ ማሽን ይሆናል። ስለዚህ ማሽን የሚያሠራም ሆነ የሚሠራ ሰው ማንኛውም ክፍል በሌላ በሚተካበት ጊዜ አዲሱን ልኬት ወደ ሞዴሉ አስገብቶ ፍተሻውን እንደገና ማካሄድ ይኖርበታል። ይህ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከተሰበረ ቢየላና ከተጎዳ እጅ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።